ለመመለስ መጀመሪያ የቀረች ተመራቂ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

መነሻ

ውጭ ሀገር የተማረ ሰው ሊመረቅ ሲል ያገኘው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀዋል። ትቀራለህ ወይስ ትመለሳለህ? የሚጠበቀው መልስ አንድ ቃል ነው። እዚህ የምጽፈው ጉዳይ ግን እልባት ለማግኘት ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቷል። የተገኘውም መልስ በአንድ ቃል አያልቅም።

ባለጉዳይዋን ያወቅኳት ጀርመን ውስጥ ተመራቂ የውጭ ተማሪዎችን በበጎ ፈቃድ በሚያማክር ቡድን በኩል ነው። ታሪኳ እንዲጻፍ እሷም፣ ባለቤቷም፣ ወንድሟም ፈቅደዋል። ስም፣ ከተማና ዩኒቨርሲቲ አልጠቅስም። የመጡበትንም ሀገር ትቼዋለሁ። ሀገሩ ከተነሳ አንባቢ ስለ ሀገሩ መከራከር ይጀምራልና። መምህሩን በውል አስሮ ለትምህርት የሚልክ ተቋም ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስ ይችላል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የጀርመን ሕግ ቶሎ ቶሎ ስለሚሻሻል የጻፍኩት በጊዜው የነበረውን ነው።

ዳራ

ባለጉዳይዋ ሀገሯ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና ረዳት ሌክቸረር ነበረች። በኦክቶበር 2019 ለማስተርስ ጀርመን ገባች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ወጪዋን የሸፈነው የትምህርት ዕድል ሰጪ ድርጅት ነው። የሀገሯ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የትምህርት ፈቃድ ሰጥቷት የደሞዟን ከፊል ለቤተሰቧ ይከፍል ነበር።

ይህ ነፃ ስጦታ አልነበረም። ከመሄዷ በፊት ውል ፈርማለች። በተማረችበት ጊዜ እጥፍ ተመልሳ ታገለግላለች። ካልተመለሰች የተከፈላትን ትመልሳለች። ለዚህም ዋስ ጠርታለች። ዋሱ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ በሌላ መሥሪያ ቤት የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ። እሷ ከቀረች የሚቆረጠው የእሱ ደሞዝ ነው።

ባለቤቷ ፋርማሲስት ነው። በ2020 መጀመሪያ፣ ድንበሮች በኮቪድ ከመዘጋታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የሁለት ዓመት ልጃቸውን ይዞ መጣ። ጀርመን ውስጥ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተማረ ፋርማሲስት ወዲያው ሥራ አይጀምርም። የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለዚያ ደግሞ ትምህርቱ ይመዘናል፣ የሙያ ቋንቋ ፈተና ይወስዳል፣ ክፍተት ከተገኘበት የዕውቀት ፈተና ይቀመጣል። ሰውየው ከፊደል ጀምሮ ጀርመንኛ እየተማረ ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያሽግ ነበር።

ኮቪድ ላብራቶሪውን ስለዘጋው የእሷ መመረቂያ ጽሑፍ ዘገየ። የጨረሰችው በማርች 2022 ነው።

ችግሩ

በተመረቀች ሰሞን ከሀገር ቤት የሰው ሀብት ክፍል ደብዳቤ መጣ። በ60 ቀን ውስጥ ሥራ ላይ እንድትገኝ፣ ካልሆነ ዋሷ እንደሚጠየቅ «በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል። (የሰው ሀብት ክፍሎች ሳያጠብቁ ማሳሰብ የሚችሉበት ቀን ይመጣ ይሆን?) የተማሪነት የመኖሪያ ፈቃዷም ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

ወደ እኛ ስትመጣ ሁላችንም እንዴት እንደምትቀር ልትጠይቅ የመጣች መስሎን ነበር። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለዚያ ነው። እሷ ግን መመለስ እንደምትፈልግ ነገረችን። የተማረችው የጎርፍ ትንበያ ነው። ሙያው ይበልጥ የሚያስፈልገው የት እንደሆነ ማንም እንዲነግራት አልፈለገችም።

«መመለሱን እመለሳለሁ» አለች። «ግን ወደ ምን?»

ጥያቄው ምሬት አልነበረበትም፤ ቁርጥ ያለ መረጃ ፈልጋ ነው። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጽፋ ነበር። ምን ኮርስ እንደምታስተምር፣ የሃይድሮሊክስ ላብራቶሪው የውሃ ፓምፕ ተጠግኖ እንደሆነ፣ በአዲሱ ዲግሪዋ የሥራ ደረጃዋ መቼ እንደሚስተካከል ጠይቃለች። የመጣው መልስ «መጀመሪያ ነይ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» የሚል ነበር። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ከእሷ በፊት ሄደው የቀሩትን ሲቆጥር ኖሯል። ያልመጣ ሰው ብሎ በጀት መጠየቅም አይችልም። እሷ ደግሞ ያልተዘጋጀ ነገር ብላ ቤተሰብ ማፍረስ አትችልም። ሁለቱም ሌላው እስኪቀድም ይጠብቃል።

ሌላው ቋጠሮ ባለቤቷ ነው። የእሱ የመኖሪያ ፈቃድ የተንጠለጠለው በእሷ ፈቃድ ላይ ነው። እሷ ከወጣች እሱም ይወጣል። የሙያ ፈቃድ ሂደቱ ደግሞ መሃል ላይ ደርሷል። በዚያ ሰዓት ትቶ መሄድ ማለት የሁለት ዓመት ቋንቋና የወረቀት ልፋት ገደል መግባት ነው።

ወንድሟ ስልክ ደወለ። ንግግራቸውን ነግራኝ ማስታወሻዬ ላይ አስፍሬዋለሁ። «ደሞዜን አታስቆርጪኝ አልልሽም» አላት። «የፈረምኩት ዓይኔን ገልጬ ነው። ግን ቁርጤን ንገሪኝ። ልጆቼን የማስተምረው በዚያ ደሞዝ ነው።» እሷም «ጋሼ፣ ቁርጡን እኔም አላወቅኩትም» አለችው።

ነገሩ ከእሷ ሰፋ ሲል

የሚያስተናግዱ ሀገሮች ሕግ ራሱ ሁለት ፊት አለው። ጀርመን ለተመረቀ የውጭ ተማሪ ሥራ እንዲፈልግ 18 ወር ትሰጣለች። ብሪታንያ በ2021 በጀመረችው የተመራቂዎች ቪዛ ለማስተርስ ተመራቂ ሁለት ዓመት ሰጠች። ካናዳ እስከ ሦስት ዓመት ትሄዳለች። አሜሪካ በኤፍ-1 ቪዛ ለተማረ 12 ወር፣ መስኩ ሳይንስ ወይም ምህንድስና ከሆነ ተጨማሪ 24 ወር እንዲሠራ ትፈቅዳለች። በሌላ በኩል የብሪታንያው ቼቭኒንግ የትምህርት ዕድል ተመራቂው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሀገሩ እንዲቀመጥ ያስፈርማል። ጄይ-1 በሚባለው የአሜሪካ የልውውጥ ቪዛ ከመጡትም ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ሀገር ቤት ሳይቆዩ ቋሚ መኖሪያ ማግኘት አይችሉም። ማለት፣ ተማሪው ይቀራል ወይስ ይመለሳል የሚለው በከፊል የሚወሰነው ገና ሲመጣ በያዘው ቪዛና በፈረመው ወረቀት ነው።

የተማሩ ልጆቻቸውን መመለስ የቻሉ ሀገሮችም አሉ። ደቡብ ኮሪያ በ1966 ኪስት የተባለውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ስታቋቁም አሜሪካና አውሮፓ የነበሩ ሳይንቲስቶቿን የጠራችው በባዶ እጅ አይደለም። ጥሩ ደሞዝ፣ ቤትና ላብራቶሪ ይዛ ነው። ታይዋንም በ1980 የሲንቹ ሳይንስ ፓርክን ከፍታ ከአሜሪካ ለሚመጡ ኢንጂነሮቿ የሚሠሩበትን ቦታ አዘጋጀች። «ወደ ምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። የባለጉዳይዋ ዩኒቨርሲቲ በእጁ የነበረው ውሉና ዋሱ ብቻ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

*የቀኖች ሰሌዳ።* መጀመሪያ የተደረገው ቀላል ነገር ነው። ሰፊ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ከላይ ወራቱ ተጻፉ። ከጎን እሷ፣ ባለቤቷ፣ ልጃቸውና ወንድሟ። እያንዳንዱ ቀነ ገደብ በቀይ ገባ፦ ፈቃዷ የሚያበቃበት፣ የደብዳቤው 60 ቀን፣ የባለቤቷ የቋንቋ ፈተና፣ ልጅቷ አንደኛ ክፍል የምትገባበት 2024።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀይ ቀን አንድ ጥያቄ ተጠየቀ። ይህ ቀን ቢያልፍ የጠፋው ነገር ተመልሶ ይገኛል? ሀገር ቤት ያለው ሥራ በፈቃድ ከዘገየች ይቆያል። ጀርመን ውስጥ ያለው ግን አይቆይም። ወጥታ ከቀረች የ18 ወሩ ፈቃድ ያልፋታል። የባለቤቷም ሂደት ይቋረጣል። መሄድ በማንኛውም ቀን ይቻላል፤ ከሄዱ በኋላ መግባት ነው ችግሩ። ሴትዮዋን ያስፈራት መመለሱ አልነበረም። መመለሱ የአንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ነገሩ ካልተሳካ መውጫ የለውም።

ስለዚህ ዕቅዱ ተገለበጠ። መጀመሪያ ሄዶ የመምጣት መብት ይያዝ፣ መመለሱ ከዚያ ይከተላል ተባለ። የሥራ ባልደረቦቿ ይህን ሲሰሙ «ሁለት ወዶ አይሆንም» አሏት። አባባሉ ለብዙ ነገር ይሠራል። ለዚህ ግን አልሠራም።

*ፈቃዱና ሥራው።* የተማሪነት ፈቃዷ ሳያልቅ ለ18 ወሩ አመለከተች። ይህ ነጥብ ተራ ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። ቀድሞ ያመለከተ ሰው ውሳኔ እስኪመጣ ጊዜያዊ ወረቀት ይዞ በሕጋዊነት ይቆያል። ዘግይቶ የሄደ ሰው ጣጣው ብዙ ነው።

ሥራ ፍለጋው ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። በእንግሊዝኛ የተማረ ኢንጂነር ጀርመን ውስጥ የሚገጥመው ያው ነው። ዲግሪው ጥሩ ነው ይባላል፣ ከዚያ ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች ጋር ስብሰባ እንዴት ትቀመጫለሽ ተብሎ ይጠየቃል። በመጨረሻ አንድ አነስተኛ የምህንድስና ቢሮ የጎርፍ ካርታ እንድትሠራ ቀጠራት። በሴፕቴምበር 2022 በብሉ ካርድ፣ ማለትም ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ዲግሪ ያለው ባለሙያ በሚሰጠው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሥራ ጀመረች። በወቅቱ ብሉ ካርድ የያዘ ሰው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ 33 ወር መሥራት ነበረበት። ጀርመንኛው ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ከደረሰ ግን 21 ወር ይበቃዋል። የአንድ ዓመት ልዩነት በአንድ የቋንቋ ፈተና። ሰሌዳው ላይ ከነበሩት ነገሮች ሁሉ በእሷ እጅ ያለው ይህ ብቻ ስለነበር የመጀመሪያው ክረምት ሙሉ ለጀርመንኛ ዋለ።

ሌላም ውሳኔ አለ፤ ትንሽ ናት፤ ግን እወዳታለሁ። መመረቂያዋን የሠራችው በየዓመቱ ፈቃድ በሚገዛለት ውድ ሶፍትዌር ነው። ሥራ ላይ ሄክ-ራስን እንድትጠቀም አለቃዋን አስፈቀደች። ሄክ-ራስ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ክፍል በነፃ የሚያድለው የወንዝ ፍሰት ማስሊያ ነው። ምክንያቷን ስጠይቃት «ሀገር ቤት ይዤው የምገባው እሱን ነው» አለችኝ። መመለሷን ከልቧ እንደምታስብ ያመንኩት ያኔ ነው።

*ደብዳቤው።* ለዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው ጥያቄ የተላከው ለሰው ሀብት ክፍል ነበር። መልስ የለም። ሁለተኛው ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በቀጥታ ተላከ። ከጥያቄው ጋር ኃላፊው ወደ ላይ የሚጽፈው ደብዳቤ ረቂቅ ተያይዟል። ረቂቁ ስለ እሷ ችግር ምንም አይልም። ክፍሉ በጎርፍ ትንበያ የተግባር ልምድ ያለው መምህር እንደሌለው፣ ተመራቂዋ ይህን ልምድ ክፍሉ ሳይከፍልበት እያገኘችለት እንደሆነ፣ በየሦስት ወሩ ሪፖርት እንደምትልክና የምታዘጋጀው የኮርስ ማስታወሻ የክፍሉ እንደሚሆን ይላል። ኃላፊው ሁለት መስመር አስተካክሎ ፈረመ። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ የ18 ወር ማራዘሚያ ተፈቀደ።

ይህ ወረቀት ለወንድሟ ተላከለት። ማራዘሚያው እስከ ኦክቶበር 2023 ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አብረው ተነጋገሩ። ደሞዙ ከተቆረጠ የተቆረጠውን ያህል በየወሩ ልትልክለት ተስማሙ።

*የሥራ ጉብኝት።* በኦገስት 2023 የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ሀገሯ ገባች። ዘመድ ለመጠየቅ ሳይሆን ለሦስት ሳምንት አጭር ኮርስ ለመስጠት። ለእንዲህ ያለ ነገር መንገዱ ቀድሞም ተጠርጓል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከ1977 ጀምሮ ቶክተን በሚባለው ዕቅዱ ውጭ የሚኖሩ ባለሙያዎችን ለአጭር ጊዜ እያመላለሰ ያሠራ ነበር። የእሷ ጉዞ ግን በራሷ ወጪ ነው።

ከሁሉም እርምጃ ብዙ ያስተማረው ይህኛው ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ያለው የውሃ ቦይ ለዓመታት ቆሟል። ፓምፑ ተበላሽቷል፣ አዲስ ይገዛ ተብሎ ተጽፏል፣ በጀት የለም ተብሏል። ከቴክኒሺያኑ ጋር ሆና ፓምፑን ፈቱት። የተበላሸው ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው የዘንጉ ጎማ ማኅተም ነው። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነገር። ልኩን በካሊፐር ለክታ፣ ቁጥሩን ፎቶ አንስታ ተመለሰችና ከጀርመን ገዝታ በፖስታ ላከች። ቴክኒሺያኑ ገጠመው። የሄክ-ራስ ኮርሱንም ቢሆን ኢንተርኔት ሳያስፈልግ በፍላሽ ነው ያደለችው።

ከዚህ ጉብኝት በኋላ «ወደ ምን?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ መልስ አገኘ። ከማን ጋር እንደምትሠራ አወቀች። ምን እንደማይሠራም አወቀች። ለምሳሌ የፈተና ሰሞን ለምርምር የሚተርፍ ሰዓት የለም። ይህንን በኢሜይል ማንም አይነግርህም።

*የባለቤቷ ፈቃድ።* እሱ በእሷ ወረቀት ላይ እስከተንጠለጠለ ድረስ ማንም የትም እንደማይሄድ ግልጽ ነበር። ሙሉ የሙያ ፈቃዱን ያላገኘ ፋርማሲስት ጀርመን ውስጥ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ሊሰጠው ይችላል። በሌላ ፋርማሲስት ክትትል ሥር ይሠራል፤ ፈቃዱ ከሁለት ዓመት አይበልጥም። የቋንቋ ፈተናውን በ2023 መጨረሻ እንዳለፈ ይህንን ጠየቀ። ተሰጠው። በዚያ ሥራ የራሱን የመኖሪያ ፈቃድ አወጣ። መጋዘኑንም ተሰናበተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእሷ መሄድ የእሱን መባረር አያስከትልም።

ያልተሳካው

ማራዘሚያው ያበቃው በኦክቶበር 2023 ነው። ቋሚ ፈቃድ መጠየቅ የምትችለው በጁን 2024 ነው። ስምንት ወር ጎደለ። ይህ ክፍተት ከመጀመሪያውም ሰሌዳው ላይ ይታይ ነበር። ሁለተኛ ማራዘሚያ ይገኛል ተብሎ ታሰበ። አልተገኘም። ዲኑ ተቀይሯል። አዲሱ ዲን የቀድሞው የፈቀደውን ማክበር እንጂ መጨመር አልፈለገም።

ከጀርመን ሆና በኦንላይን የምታስተምረው ክፍለ ጊዜ ከአገልግሎት ግዴታዋ እንዲታሰብ ጠየቀች። ማስተማሩ ይቻላል ተባለ፤ መቁጠሩ አይቻልም። ውሉ «በአካል» ይላል። ለተመላሽ ባለሙያ የደሞዝ ድጎማ የሚሰጥ ፕሮግራምም ተፈለገ። የእሷን ሀገርና መስክ አንድ ላይ የሚያሟላ አልተገኘም።

ስለዚህ የወንድሟ ደሞዝ መቆረጥ ጀመረ። እንደተስማሙት በየወሩ ላከችለት። ገንዘቡ ተተካ፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የደረሰበት ግን አልተተካም። «እህቱ የጠፋችበት» እየተባለ ሰነበተ። የደሞዝ መቁረጫው ደብዳቤ በአለቃው፣ በሂሳብ ሹሙና በመዝገብ ቤቱ እጅ አልፏል። ስለ ዋስ ሲወራ ሁሌም ሂሳቡ ብቻ ይሰላል። ሰውየው በየቀኑ የሚገናኛቸው ሰዎች አይሰሉም።

አንድ ነገር ተገኘ። የተቆረጠው ሁሉ በእሷ ዕዳ ላይ እንዲመዘገብ በጽሑፍ ጠየቀች። ተመዘገበ። ከተመለሰች በኋላ ለወንድሟ ይመለስለት የሚለውን ጥያቄ ግን ዩኒቨርሲቲው አልተቀበለም። በዚህ ላይ የእኔ አስተያየት የተለየ ነው። ሰውየው ዋስ የሆነው እሷ እንድትመለስ ነው። ከተመለሰች ገንዘቡን መያዝ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ባለቤቷም የዕውቀት ፈተናውን በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። መድገም ይፈቀዳል፤ የፈተና ወረፋው ግን ረጅም ነው።

ውጤቱ

ቋሚ ፈቃዷን በጁን 2024 ጠይቃ በኦገስት አገኘች። ልጅቷም አንደኛ ክፍል ገባች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጀርመን ውስጥ ቋሚ ፈቃድ የያዘ ሰው ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከቆየ ፈቃዱ ይጠፋል። የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮው አስቀድሞ ረዘም ያለ ጊዜ ከፈቀደለት ግን አይጠፋም። ከመሄድ በፊት መጠየቅ አለበት። ሌላም አለ። ሰውየው የወጣው ለጊዜው ባልሆነ ምክንያት ከሆነ ስድስት ወሩም ሳይሞላ ይጠፋል።

ስለዚህ የሀገሯ ዩኒቨርሲቲ የምደባ ደብዳቤውን በአንድ የትምህርት ዓመት ወስኖ እንዲጽፍላት ተጠየቀ። ጻፈ። ባለቤቷና ልጇ ጀርመን መቆየታቸው፣ የቤቱ ኪራይ ውልም በስሟ መቀጠሉ ተያያዘ። ቢሮው የአንድ ዓመት ጊዜ ፈቀደ። በኦክቶበር 2024 ሀገሯ ገብታ ማስተማር ጀመረች። የወንድሟ ደሞዝ መቆረጥ በዚያው ወር ቆመ።

ቤተሰቡ ሁለት ቦታ ሆነ። ይህን እንደ ድል የሚቆጥረው የለም። ልጅቷ በየማታው በቪዲዮ የቤት ሥራዋን ለእናቷ ታሳያለች፤ የአባቷ ጀርመንኛ አነባበብ ግን ያስቃታል። እናትዬዋ «አንድ ዓመት ይቻላል፤ ሁለት አላውቅም» ትላለች።

ለሌላው የሚተርፈው

ለመመለስ የሚያስብ ተመራቂ «ምን እፈልጋለሁ?» ከማለቱ በፊት «የቱ በር ነው ሲዘጋ የማይከፈተው?» ብሎ ቀኖቹን ይጻፍ። ፍላጎት ይለዋወጣል። ቀነ ገደብ አይለዋወጥም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ወደ ሀገሯ የሚወስደውን መንገድ የከፈተው ቋሚ ፈቃዱ ነው። ፈቃድ ሳይኖራቸው የሚኖሩ ወይም ፈቃዳቸው የላላ ሰዎች ለዓመታት ሀገራቸውን ሳያዩ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ከወጡ አይገቡም። ወረቀቱ የጠነከረለት ሰው ግን ሄዶ መሞከር ይችላል። ቋሚ ፈቃድ ያገኘ ሁሉ ተቆርጦ ቀረ ብለው የሚደመድሙ ላኪ ተቋማት ይህን ቢያጤኑት ጥሩ ነው።

ለተቋማቱ ከዚህ የበለጠ የምለው አለ። ውልና ዋስ ሰውን ለማስፈራራት ይጠቅማሉ፤ ለመቀበል ግን አይጠቅሙም። ይህች መምህርት የተመለሰችው ኃላፊው ደብዳቤ ስለፈረመላት፣ ፓምፑ ስለተጠገነና የምታስተምረው ኮርስ ስም ስላገኘ ነው። አንዳቸውም ብዙ ገንዘብ አልጠየቁም። ለሚመለስ ሰው ከመምጣቱ በፊት የሚላክ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ኮርሱን፣ ደረጃውን፣ ጠረጴዛውንና የሚጀምርበትን ቀን የያዘ፣ ከአስር ማስጠንቀቂያ ይሻላል።

ጥንዶችን የሚያማክር ሰው ሁለተኛውን ሰው ቀድሞ ይጠይቅ። የእኛ ቡድን ፎርም ላይ «የትዳር ጓደኛ» የሚለው ክፍል የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበር። አሁን መጀመሪያ ላይ ነው።

ማራዘሚያ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ የሚፈርመው ሰው ደብዳቤውን ከባዶ እንዲጽፍ አይጠብቅ። ረቂቁን ይዞ ይሂድ። በፈራሚው ቋንቋ፣ ለፈራሚው አለቃ የሚሆን። የራሱን ችግር ለሌላ ቦታ ያቆየው።

ያልተዘጉ ነገሮች

የአገልግሎት ግዴታዋ አምስት ዓመት ገደማ ነው። የጀርመኑ ቢሮ የፈቀደው ለጊዜያዊ ቆይታ ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። ዩኒቨርሲቲው ምደባዋን በየዓመቱ እያደሰ ሊጽፍላት ተስማምቷል። ቢሮው በየዓመቱ «ጊዜያዊ» የሚለውን መቀበሉን ግን ማንም ማረጋገጫ አልሰጣትም።

ጡረታም አለ። ጀርመን ውስጥ ለጡረታ የሚከፈለው ከደሞዝ 18.6 በመቶ ነው፤ ግማሹን ሠራተኛው፣ ግማሹን አሠሪው ይከፍላል። የጡረታ መብት የሚገኘው 60 ወር ሲሞላ ነው። እሷ የከፈለችው 25 ወር ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ ሀገር ዜጋ 60 ወር ሳይሞላ ጠቅልሎ ከወጣ፣ ከ24 ወር በኋላ የራሱን ድርሻ ብዙውን ጊዜ ማስመለስ ይችላል። ካስመለሰ ግን የከፈላቸው ወራት ይሰረዛሉ። ለወንድሟ የላከችውን ያህል ገንዘብ ከዚያ ልታገኝ ትችል ነበር፤ ለዚያ ግን ጠቅልላ መውጣት አለባት። ለጊዜው አልነካችውም።